ከሥዕሉ ግርጌ

«ገባ ወይ?» አለችኝ እናቴ።

«የት?»

«ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ነዋ!»

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2020 ነው። እኔ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። እሷ ጎንደር ናት። ኮሮና ሁላችንንም ቤት ዘግቶብን ስለነበር በቀን ሁለት ጊዜ እንደዋወላለን። ያን ቀን የእህቴ ልጅ በስልኳ አንድ ፎቶ አሳይታታለች። ዶናልድ ትራምፕ ከአንድ ቤተክርስቲያን ፊት ቆመው መጽሐፍ ቅዱስ ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«አልገቡም እማዬ። ውጭ ቆመው ነው የተነሱት።»

«ተሳለሙ?»

«አልተሳለሙም።»

«መጽሐፉንስ ገለጡት?»

«አልገለጡትም።»

ትንሽ ዝም አለች። «ውጭ መቆሙስ ነውር አይደለም» አለች በኋላ። «እኔም ስንት ቀን ውጭ ቆሜ አስቀድሻለሁ። ግን ደጁን ስሜ ነው የምቆመው።»

ያቺን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ጋዜጠኞች ስለዚያ ፎቶ ብዙ ጽፈዋል፤ አብዛኛውን አንብቤዋለሁ። እናቴ የጠየቀችውን የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። እሷ ሰውየው ምን እንደሚያምን አልጠየቀችም። ማን እንደሚመረጥም ግድ የላትም። የጠየቀችው ከቤተክርስቲያኑ ፊት ቆሞ ሰውነቱ ምን እንዳደረገ ነው። ጎንበስ አለ ወይስ አላለም?

ቦታውን በደንብ አውቀዋለሁ። ከምኖርበት ሰፈር 16ኛውን መንገድ ይዞ ቀጥ ብሎ የወረደ ሰው መጨረሻው ላይ የቅዱስ ዮሐንስን ቤተክርስቲያን ያገኘዋል። ቢጫ ቀለም የተቀባች፣ ነጭ ዓምድ ያላት፣ ትልቅ ያልሆነች ቤተክርስቲያን ናት። ከ1816 ጀምሮ አለች። ከፊቷ ላፋየት አደባባይ ነው፤ ከአደባባዩ ማዶ ዋይት ሀውስ። ስንቱ ያገራችን ባለ ታክሲ በዚያች ደጅ ሲመላለስ ይውላል።

ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ በፖሊስ ጉልበት ሥር ትንፋሹ ካለቀ ልክ ሳምንቱ ነበር። ከተማው በሰልፍ ተጥለቅልቋል። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት በነበረው ሌሊት ከቤተክርስቲያኗ ጋር በተያያዘው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሕፃናት በሚቆዩበት ክፍል ውስጥ እሳት ተነሥቶ ነበር። ቀኑ በምዕራባውያን አቆጣጠር የጰራቅሊጦስ እሑድ ነው። በማግስቱ ማምሻውን ፖሊስ በጭስና በጋሻ እየገፋ አደባባዩን አጸዳው። ፕሬዚዳንቱ ሮዝ ጋርደን ውስጥ ንግግራቸውን ጨረሱና ተከታዮቻቸውን አስከትለው በእግር ተሻገሩ። ልጃቸው መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው። አንድ ጋዜጠኛ «የርስዎ መጽሐፍ ቅዱስ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «መጽሐፍ ቅዱስ ነው» አሉ። ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ጸሎት አልተጸለየም፤ ጥቅስም አልተነበበም። ከዚያ ወደ መጡበት ተመለሱ።

ለፍርድ እንዲመች አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በዓመቱ የአሜሪካ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ ባወጣው ሪፖርት፣ የፓርክ ፖሊስ ሰዉን ያስወጣው አጥር ለማስተከል እንጂ ለፕሬዚዳንቱ ጉዞ ብሎ እንዳልሆነ ጽፏል። ይሁን። እኔን ያሳሰበኝ መንገዱ እንዴት ተጠረገ የሚለው አይደለም። ከደረሱ በኋላ የሆነው ነው። ዋይት ሀውስ ያን ጉዞ ግርማ ያለው ሙዚቃ አስገብቶበት ወዲያው ትዊተር ላይ ለቀቀው። የዋሽንግተን ኤጲስቆጶስ ማሪያን ባዲ ማንም ሳያስፈቅዳቸው ቤተክርስቲያናቸው የፎቶ መደገፊያ በመሆኗ በጣም ተቆጡ። አብረው የሄዱት ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ማርክ ሚሊም ከቀናት በኋላ «እዚያ መገኘት አልነበረብኝም» ብለው በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ፎቶው ግን ሥራውን ጨርሶ ነበር። ፎቶ ሰዓት አይፈጅበትም።

ልጅ ሆኜ ቤታችን አንድ ሥዕል ነበረ። አሁንም አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዘው በግራ ቀኟ ቆመው። እናቴ ከአሮጌ ነጠላ ጥለቱን ቆርጣ የሰፋችው መጋረጃ አለው፤ በክር ነው የሚሳበው። ቀን ቀን ተዘግቶ ይውላል። ጠዋትና ማታ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ትገልጠዋለች። ስትጨርስ መልሳ ትዘጋዋለች። እንግዳ መጣ ተብሎ አይገለጥም። ደስ ካላት ብቻ «ነይ ሳሚ» ትላለች።

ከሥዕሉ ግርጌ አንድ ሰው አለ። ትንሽ ነው። ከመላእክቱ ጉልበት በታች በሆዱ ተኝቶ፣ እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ ወደ ላይ ያያል። ስድስት ወይ ሰባት ዓመቴ ቢሆን ነው። «ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የወደቀው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«አልወደቀም። ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን ተኛ?»

«እየተማጸነ ነዋ።»

ያኔ አልገባኝም። ገንዘቡን የከፈለው እሱ ከሆነ ለምን መሐል ላይ አይሆንም ብዬ ነበር። ለልጅ እንደዚያ ነው የሚታየው።

ካደግሁ በኋላ ያንኑ ሰውዬ በየቤተክርስቲያኑና በየብራናው አገኘሁት። አንዳንዴ ራስ ነው፣ አንዳንዴ ደጃዝማች፣ አንዳንዴም ንጉሥ። ከጎኑ «ዘከመ ተማኅፀነ» የሚል ጽሑፍ ይኖራል፤ እንዲህ ተማጸነ ማለት ነው። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ የሄደ ሰው እቴጌ ምንትዋብን እዚያ ግድግዳ ላይ ያያታል። ከልጇ ከኢያሱ ጋር አብራ ዘውድ የጫነች፣ ጎንደርን ያዘዘች ሴት ናት። ቤተክርስቲያኑን ያሠራችውም እሷው ናት። ሥዕሏን ሳየው ግን ከነወርቀ ዘቦ ልብሷ መሬት ላይ ተዘርግታለች። ከላይዋ ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ ተቀምጣለች። ሠዓሊው ለእቴጌይቱ ልብስ ብዙ ደክሟል። ጌጡን አልነፈጋትም። ቦታዋን ግን አልረሳም።

ጀልባው ላይ ሆኜ ስመለስ እሱን ነበር የማስበው። በዚያ ዘመን ሰው ይህን ሥዕል አይቶ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ ይቺ ሴት ኃያል ናት፤ ይህን ያህል ማሠራት ችላለች። ሁለተኛ፣ ከሷ በላይ አለ። ፖለቲካ የለበትም አልልም። መኖሩማ አለበት። ግን ሁለተኛው ነገር እዚያው ሥዕሉ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል። እቴጌይቱ ብትፈልግ እንኳን ከዚያ መውጣት አትችልም።

አሁን ወደ ስልካችን ልመለስ።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ትራምፕ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር። በዚያ ሰሞን ትሩዝ ሶሻል ላይ አንድ ሥዕል አጋሩ። በፍርድ ቤት ሠዓሊ አሣሣል የተሠራ ነው። ተከሳሹ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ክርስቶስ ተቀምጧል። ከፍታው እኩል ነው፤ አብሮ እንደመጣ ጠበቃ። ሥዕሉን ሳየው መጀመሪያ የተናደድኩ አልመሰለኝም። ክርስቶስ ከተከሰሰ ሰው ጎን ቢቀመጥ ምን ይገርማል? ወንጌሉ የሚለውም ያንኑ ነው። ቀስ ብዬ ሳስበው ግን ቅር አለኝ። በዚያ ሥዕል ውስጥ የሚማጸን ሰው የለም። ይቅር በለኝ የሚል የለም። ተከሳሹ አስቀድሞ ተፈርዶለታል፤ ክርስቶስ የመጣው ለመመስከር ነው።

በዓመቱ ገደማ፣ በጁላይ 2024፣ ፔንሲልቬንያ በትለር ላይ ጥይት ጆሯቸውን በስቶ አለፈ። በማግስቱ ያዳናቸው እግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ ጻፉ። ይህን አልነቅፍም። ከሞት አፍ የወጣ ሰው ሌላ ምን ይላል? እኔም ብሆን ተመስገን ነው የምል። ያን ቀን እናቴም «እሰይ፣ ማርያም አተረፈችው» አለች፤ ከልቧ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሜይ 2025 መጣ። ጳጳሱ ፍራንሲስ አርፈው የተቀበሩበት ሰሞን ነው። ካርዲናሎቹ አዲስ ጳጳስ ለመምረጥ ለመግባት ቀናት ቀርቷቸዋል። አርብ ማታ ሜይ 2 ትራምፕ በኤአይ የተሠራ ምስል ለጠፉ። ነጭ ልብስ፣ ደረት ላይ የወርቅ መስቀል፣ ራስ ላይ የጳጳስ አክሊል፣ ጣት ወደ ላይ። ፊቱ የሳቸው ነው። ዋይት ሀውስም በራሱ ገጽ አጋራው። የኒው ዮርክ ግዛት ካቶሊክ ጳጳሳት ጽሕፈት ቤት፣ ገና አባታችንን ቀብረን መመለሳችን ነው፣ አትቀልዱብን አለ። ትራምፕ በኋላ ሲጠየቁ እሳቸው እንዳልሠሩት ተናገሩ። ካቶሊኮቹም ወደውታል አሉ።

እኔ ካቶሊክ አይደለሁም። ግን ያመመኝ ነገር አለ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቤት ገብቶ የሟቹን ልብስ ለብሶ መቀመጥ በኛ አገር ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ከዓመት ተኩል በፊት ጎን ለጎን ነበር፤ አሁን መሐል ገባ። ላይ የነበረው ወጣ፤ ታች የነበረውም ወጣ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ይሄ ነገር ዛሬ በስልክ አልተጀመረም፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የኛው ኢዛና በአራተኛው መቶ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃውን ከገንዘቡ ላይ አንሥቶ መስቀል አደረገበት። ሳንቲም ያኔ የንጉሥ ቃል ነው። ከእጅ እጅ ይሄዳል፤ ገበያ ይውላል፤ ማንበብ የማይችለውም ምልክቱን ያያል። በመስቀሉ ዙሪያ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል የተጻፈበት የአክሱም ሳንቲም አለ። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን እንባዬ መጣ። ድል ያድርግ አላለም፤ ጠላቴን ያጥፋም አላለም። አገሩን ደስ ያሰኝ ነው ያለው። በኋላ የመጣ ሌላ የአክሱም ንጉሥ ደግሞ «በዝ መስቀል ትመውእ» ብሎ አሳተመ። በዚህ መስቀል ታሸንፋለህ ማለት ነው፤ ከቆስጠንጢኖስ የተወሰደ ቃል ነው። ሁለቱም የኛ ናቸው። ሁለቱም መስቀል አለባቸው።

ዐድዋስ? አፄ ምኒልክ አዋጃቸውን ሲያስነግሩ «ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም» ብለዋል። ይህን ቃል የማይወድ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። እኔም ስሰማው ይወረኛል። ግን ደጋግሜ ሳነበው ይህ የእመቤታችን ስም የገባው ለመቅረት ላሰበው ሰው ዛቻ ሆኖ ነው። አማላጇን ጠርቶ አማላጅ የለኝም ማለት ከባድ ነገር ነው። ለራሳችን ስለሆነ ብቻ ማለፍ ያለብኝ አይመስለኝም። አንድ የሚያጽናናኝ የዐድዋ ሥዕሎቹ ናቸው። ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ከላይ ሰማዩ ላይ አለ። ምኒልክና ጣይቱ ከታች ከሠራዊታቸው ጋር ናቸው። ሠዓሊዎቹ እዚያም ቢሆን ከላይና ከታች የሚባል ነገር አልጠፋባቸውም።

በሥዕሎቹ ጣልያኖቹ በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። ክፉ ሰው በኛ አሣሣል ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። እነሱም ግን ክርስቲያኖች ነበሩ። እነሱም አንገታቸው ላይ መስቀል ነበራቸው።

ጣልያን ካልኩ አይቀር። ማቴዎ ሳልቪኒ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆነው ወደቦቻቸውን ለስደተኛ መርከብ የዘጉበት ጊዜ ትዝ ይለን ይሆናል። በኦገስት 2018 ዲቾቲ የምትባል የራሷ የጣልያን የባሕር ጠባቂ መርከብ 177 ሰው እንደጫነች ካታንያ ወደብ ላይ ለቀናት ቆመች። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። እዚህ ከኛ ጋር አንድ ሰንበቴ የሚጠጡ ሰዎች ዘመድ ሊሆኑ ይችላሉ። በሜይ 2019 ሳልቪኒ ሚላኖ ዱዎሞ አደባባይ ላይ መቁጠሪያ አውጥተው ይዘው፣ ጣልያንን ለንጹሕ የማርያም ልብ አደራ እሰጣለሁ አሉ፤ እሷም ወደ ድል ትመራናለች ብለው ጨመሩ። ምርጫው ሳምንት ቀርቶት ነበር። የቫቲካኑ ካርዲናል ፓሮሊን እግዚአብሔርን ለራስ መጥራት ሁልጊዜ በጣም አደገኛ ነው አሉ።

እኔ ያኔ ያየሁት መቁጠሪያውን አልነበረም። ያቺ መርከብ ላይ ከነበሩት ስንቱ አንገቱ ላይ ማተብ አስሮ ይሆን እያልኩ ነበር። ክርና መቁጠሪያ። የሚጠሩት አንዲት ማርያምን ነው። አንዷ ማርያም ደግሞ ሁለቱንም ትሰማለች።

በሚያዝያ 16 ቀን 2014 የኛም የዩክሬንም የሩሲያም ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። ጦርነቱ ሁለተኛ ወሩን የደፈነበት ቀን ነው። ዶሮው ምድጃ ላይ እያለ ስልኬን ከፍቼ ዘለንስኪ የለቀቁትን ቪዲዮ አየሁ። ኪየቭ ቅድስት ሶፍያ ካቴድራል ውስጥ ቆመዋል። ከላያቸው ኦራንታ አለች፤ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ የምትጸልየው እመቤታችን፤ ስድስት ሜትር ገደማ ቁመት ያላት፣ በ11ኛው መቶ ዘመን በጠጠር የተሠራች ሞዛይክ። ከራስጌዋ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ቃል በግሪክኛ ተጽፏል፤ «እግዚአብሔር በመካከልዋ ነው፤ አትናወጥም»። ሰውየው ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ንግግራቸውም የጦርነት ንግግር ነው፤ የሚመሩት አገር ተወርሯል። ጥርጣሬዬን ይዤ ነው ያየሁት። ግን እሷ ከላይ ናት። እሳቸው ከሥሯ ናቸው። እሷ በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ከሳቸው ትበልጣለች፤ ሥራው የቪዲዮ አንሺው ይሁን የሕንፃው አላውቅም። የናርጋው ግድግዳ ትዝ አለኝ።

በዚያው ሌሊት ፑቲን ሞስኮ ክርስቶስ መድኃኔዓለም ካቴድራል ውስጥ ሻማ ይዘው ታይተዋል። ከወር በፊት ደግሞ ሉዥኒኪ ስታዲየም ሕዝብ ሰብስበው፣ ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት የሚበልጥ ፍቅር የለም የሚለውን የዮሐንስ ወንጌል ቃል ጠቅሰው ነበር። ይህ ቃል የተነገረው በጸሎተ ሐሙስ ሌሊት ነው። የተናገረው ነፍሱን ሊሰጥ ነበር። ሌላውን ሊልክ አልነበረም። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር መጻፍ አልችልም፤ ያናድደኛል።

አሁን ስለ ራሴ የምጽፈው አለ። ይህን ጽሑፍ ለሁለት ሳምንት ያዘገየው እሱ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ሰሜኑ ጦርነት ከተነሣ ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ሁላችንም ስልካችን ላይ ተጥደን ነው የምናድረው። ኅዳር ሚካኤል ዕለት አንድ ሰው ቴሌግራም ላይ ምስል ላከልኝ። የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ነው፤ ክንፉን ዘርግቶ፣ ሰይፉን መዝዞ። በክንፉ ሥር የአንድ ባለሥልጣን ፎቶ ተቀናብሮበታል። ከላይ «ከኛ ጋር ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ብዙ አላሰብኩም። ወንድሞቼ ትዝ አሉኝ፤ ፈራሁ፤ ጸሎት መሰለኝ። ፌስቡኬ ላይ ለጠፍኩት። ላይኩ ወዲያው ነው የጎረፈው። «አሜን፣ አሜን፣ አሜን» ይላል ሁሉም።

ማታ አንዲት ጓደኛዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። እዚሁ ዋሽንግተን ዙሪያ ነው የምትኖረው። መቀሌ ተወልዳ ያደገች ናት። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው የዘመርነው፤ ልጄን ክርስትና ስናስነሳ ድንኳን ስትተክል የዋለችው እሷ ናት። እንዲህ ትላለች፤

«እናቴ ዛሬ የሚካኤልን ዝክር ትዘክራለች። በየዓመቱ ሳትቀር። ስልክ ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት ሊሆን ነው። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ሚካኤል ከናንተ ጋር ከሆነ እናቴ ከማን ጋር ናት?»

ምስሉን መልሼ ከፍቼ አየሁት። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። በሚካኤል ሥዕል ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሚማጸን ሰው አይደለም ያለው። የረገጠው ዲያብሎስ ነው። በዚያ ምስል ላይ ታችኛው ክፍል ተቆርጧል፤ ለስልክ እንዲመች ነው መሰለኝ። ከእግሩ ሥር ባዶ ነው። ጓደኛዬ ያን ባዶ ቦታ አይታ እናቷን እዚያ አገኘቻት። እኔ ነኝ ያኖርኩላት።

አጠፋሁት። ማጥፋቱ አንድ ሰከንድ ነው የፈጀው። ደወልኩላት፤ አላነሳችም። በነጋታውም አላነሳችም። መጨረሻ ላይ የሄድኩት ቤቷ ነው፤ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ቡና አፍልታ አጠጣችኝ። ስለ ሥዕሉ አንድም ቃል አልተነፈስንም። የእናቷ ድምፅ የተሰማው ከወራት በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አለቃም ሆነ ሚኒስትር፣ ፕሬዚዳንትም ሆነ የጦር አዛዥ ከቅዱስ ሥዕል ጋር ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ግርጌውን ነው። ታች ማን አለ? ካሜራ ፊትን ነው የሚወድ። ሰውን ከደረት በላይ ነው የሚይዝ። እቴጌ ምንትዋብን ዛሬ በስልክ ብናነሳት ኖሮ ዘውዷ ነበር የሚቀርልን፤ መሬት ላይ መተኛቷ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። ቀውጢ ሲመጣ ደግሞ ሕዝብ ይፈራል፤ የፈራ ሰው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። እኔም ፈርቼ ነው የለጠፍኩት። ስለዚህ ሰዉን አልፈርድበትም። መሪዎቹ ላይ ግን እፈርዳለሁ። እነሱ የፈራ ሰው ምን እንደሚይዝ ያውቃሉ።

ባለፈው መኸር አንድ ጉዳይ ነበረኝና መሐል ከተማ ወርጄ ቅዱስ ዮሐንስ ጋ ደረስኩ። በሩ ክፍት ነው። ገባሁ። ውስጡ ነጭ ነው፣ ጸጥ ያለ። አንድ አረጋዊ መጻሕፍት እያስተካከሉ ነበር። ለፕሬዚዳንቶች የተለየው ወንበር የቱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አሳዩኝ። 54 ቁጥር ነው። ሰውየው ጎንበስ ብለው ታች ያለውን የመንበርከኪያ ትራስ ጠቆሙኝ። በመርፌ ጥልፍ የተሠራ ነው። እዚያ አካባቢ ያሉት እንደዚያ የፕሬዚዳንቶች ስም እየተጠለፈባቸው የተሠሩ ናቸው አሉኝ።

ከዚያ ሁሉ ጭስ፣ ከዚያ ሁሉ ካሜራ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይህ አለ። ፎቶ አነሳሁትና ለእናቴ ላክሁላት።

እቤት ስደርስ ደወለች። ፎቶውን ማስፋት ለምዳለች አሁን፤ የእህቴ ልጅ አስተምራታለች። ምን እንደሆነ ነገርኳት። የሰዎቹ ስም ነው እማዬ፣ ሲንበረከኩ ጉልበታቸውን የሚያሳርፉበት ነው አልኳት።

«እንዴት ያምራል» አለች። አስፍታ እያየችው መሆኑን ከትንፋሿ ሰማሁ።

«ጥልፉ ሳስቷል?»

«ምን አልሽኝ?»

«ጉልበት ያረፈበት ይሳሳል። የኔ ምንጣፍ ሥዕሉ ፊት ያለው ሁለት ቦታ ሳስቷል። ይኼስ?»

እሱን አላየሁም ነበር።